የድሮ ማስታወቂያ እንዴት ይነበባል? ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ይህን የድሮ ማስታወቂያ ተንትኑ ተብለናል፤ ከየት ልጀምር?» አንዳንዱ ጠያቂ እዚህ አዲስ አበባ ጋዜጠኝነት የሚማር ልጅ ነው። አንዳንዷ ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት፤ ልጇ የ1940ዎቹን የሲጋራ ማስታወቂያ ከትምህርት ቤት ይዞ መጥቶ «እማ፣ ስለዚህ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሏታል። ፎቶውን ይልኩልኛል፣ እኔም ያንኑ መልስ ደግሜ እጽፋለሁ። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ቦታ ላስቀምጠው።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ማስታወቂያ ሁለት ዓይነት ነገር ይናገራል። አንዱን ይከራከርለታል፦ «ይህ ሳሙና ይሻላል»፣ «ይህ ሲጋራ ጉሮሮ አይከረክርም»። ሌላውን ግን ሁሉም እንደሚያውቀው ነገር ቆጥሮ ሳይከራከር ያልፈዋል፦ «ያላገባች ሴት ታሳዝናለች»፣ «ሐኪም ያለው ልክ ነው»። የሚከራከርለት ነገር ማሳመኛው ነው። ሳይከራከር የሚያልፈው ነገር የዘመኑ እሴት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ማውጣት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማስታወቂያው ሙሉ ገጽ ቅጂ። ደቃቁ ጽሑፍ ጭምር መነበብ አለበት። ጠርዙ የተቆረጠ ስክሪንሾት አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ያለው ከታች በትንንሽ ፊደል ነው።
- መሃሉን በመስመር የከፈላችሁት አንድ ወረቀት። በግራ በኩል «የሚከራከርለት»፣ በቀኝ በኩል «ሳይከራከር የሚያልፈው» ብላችሁ ጻፉ።
- ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው እስክሪብቶ። በአንዱ ያያችሁትን፣ በሌላው የገመታችሁትን ትጽፋላችሁ።
- ማስታወቂያው የወጣበት ጋዜጣ ወይም መጽሔት ስምና ቀን።
- የተረጋጋ አንድ ሰዓት ተኩል። ስልኩን ራቅ አድርጉት።

ማስታወቂያውን ራሳችሁ እንድትመርጡ ከተባላችሁ፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚታዩ ጥሩ ስብስቦች አሉ። የዱክ ዩኒቨርሲቲው «አድ አክሰስ» ከ1911 እስከ 1955 በአሜሪካና በካናዳ የታተሙ ከ7,000 በላይ ማስታወቂያዎችን ይዟል። የሲጋራ ማስታወቂያ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ትልቅ ስብስብ አለው። ጉግል ቡክስ ላይ ደግሞ የ«ላይፍ» መጽሔት የድሮ ዕትሞች ከሽፋን እስከ ሽፋን ይገኛሉ። እኔ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ ማስታወቂያው ከየትኛው ዜና ጎን እንደተቀመጠ ያሳያችኋላ። የአገር ውስጥ ከፈለጋችሁ የድሮ «አዲስ ዘመን» ዕትሞችን በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም 6 ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። የምትተነትኑት ነገር የትናንት ወዲያ ፎቶሾፕ ከሆነ፣ የጻፋችሁት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ለልጅዎ የተሻለ ጅምር፣ ኮላን ቶሎ ያስጀምሩት» የሚል፣ የ1950ዎቹ የሚመስል ማስታወቂያ በየጊዜው ይዞራል። ከታች «ሶዳ ፖፕ ቦርድ ኦፍ አሜሪካ» የሚል ድርጅት ስም አለበት። እንዲህ የሚባል ድርጅት ኖሮ አያውቅም። ሥዕሉ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀልድ የተሠራ ነው። ግን ብዙ ሰው አምኖት «ድሮ ሰዎች እንዲህ ነበሩ» ብሎ ጽፎበታል።

ለማረጋገጥ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሥዕሉን በጉግል የምስል ፍለጋ አስገቡና መጀመሪያ የት እንደታየ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ መኖሩን እዩ። ሦስተኛ፣ የታተመበትን መጽሔትና ቀን አግኙ። ሦስቱም ካልተገኘ ሌላ ማስታወቂያ ምረጡ።

ደረጃ 2፦ መቼ፣ የት፣ ለማን የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉ

ለምሳሌ፦ «1946፣ አሜሪካ፣ በሰፊው በሚነበብ ሳምንታዊ መጽሔት፣ ለአዋቂ አጫሽ።» ይህች መስመር ከሌለች እሴቱ የማን እንደሆነ አታውቁም።

*ማስጠንቀቂያ፦* የአገር ውስጥ ጋዜጣ ከያዛችሁ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣ «አዲስ ዘመን» እና በፈረንጆቹ 1955 የወጣ «ላይፍ» መካከል ከ7 እስከ 8 ዓመት ገደማ ልዩነት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ልታወዳድሩ ከሆነ መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ።

«ለማን» የሚለውን ደግሞ ከግምት አትሙሉት። ቀይ ሻሽ በነጭ ነጠብጣብ ያሰረችውን፣ ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን የምታሳየውን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። «እንችላለን!» ይላል ከላይ። አብዛኛው ሰው ሴቶችን ወደ ፋብሪካ ለመጥራት በመላው አሜሪካ የተለጠፈ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ፖስተሩን በ1943 ጄ. ሃዋርድ ሚለር ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ሠራው። የተሰቀለው በኩባንያው ፋብሪካዎች ውስጥ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። የሚያዩትም እዚያው ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ «ኑ ተቀጠሩ» ሳይሆን «በርትታችሁ ሥሩ» ነው የሚላቸው። ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ያገኘው በ1980ዎቹ ነው። ያየው ሰው ሲቀየር መልእክቱም ተቀየረ።

ደረጃ 3፦ ሳታነቡ ተመልከቱ

ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑትና ሥዕሉን ለሁለት ደቂቃ እዩ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ትርጉም አትስጡ።

«ደስተኛ ቤተሰብ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ትርጉም ሰጥታችኋል። «አባት ተቀምጧል። እናት ቆማለች፣ ሳህን ይዛለች። ልጁ ወደ አባቱ ያያል» ስትሉ ነው ያያችሁት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን እሴቱ ያለው እዚያው ነው፦ ማን ተቀመጠ፣ ማን ቆመ። «ደስተኛ ቤተሰብ» የሚለው ቃል ያንን ሁሉ ይውጠዋል።

እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ማንን ያያል? ማን ወደ እናንተ ያያል? የማን እጅ ሥራ ላይ ነው፣ የማን እጅ አርፏል? ዕቃው የት ነው ያለው? መሃል ላይ ነው ወይስ ጥግ ላይ? ብዙ ጊዜ ዕቃው ጥግ ላይ ሆኖ ሰዎቹ መሃል ናቸው። ያኔ የሚሸጠው ዕቃው ብቻ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

እኔን በጣም የጠቀመኝ ዘዴ እጅን መከተል ነው። ፊት ሁሌ ይስቃል። እጅ ግን ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚታዘዝ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ወደ ሰፈር አማርኛ መልሱት

አሁን ጽሑፉን ግለጡት። እንግሊዝኛ ከሆነ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ሰው በሚያወራው አማርኛ መልሱት። የመዝገበ ቃላት ትርጉም አይደለም የምፈልገው። ጎረቤታችሁ ቡና ላይ ብታወራው እንዴት ትለው ነበር? እንዲህ ስታደርጉ ጨዋ መስሎ የተጻፈው ነገር ስለቱ ይወጣል።

እስቲ አንዱን አብረን እንሥራ። የሊስተሪን ማስታወቂያ ነው፣ የአፍ መጉመጥመጫው። ጊዜው 1920ዎቹ፣ አገሩ አሜሪካ። ርዕሱ በእኛ አማርኛ «ብዙ ጊዜ ሚዜ፣ አንድም ቀን ሙሽራ ያልሆነች» የሚል ነው። ከሥሩ ኤድና ስለምትባል ልጅ ይተርካል። የኤድና ነገር አንጀት ይበላል ይላል። እንደማንኛዋም ሴት ትልቁ ምኞቷ ማግባት ነበር። ጓደኞቿ አንድም አግብተዋል፣ አንድም ሊያገቡ ነው። በቁንጅናም ሆነ በአነጋገር የሚበልጣት የለም። ግን ልደቷ እየተቆጠረ ወደዚያ አሳዛኝ 30 ዓመት እየተጠጋች ነው። ምክንያቱ? የአፏ ጠረን። እሷ አታውቀውም፤ የቅርብ ጓደኞቿም አይነግሯትም።

ይህን አማርኛ ስታደርጉት ምን ቃል መጣባችሁ? «ቆሞ ቀር»። ማስታወቂያው ቃሉን አልተናገረም። ግን ገጹ ሙሉ የተገነባው በዚያ ቃል ፍርሃት ላይ ነው።

አሁን ወረቀቱን እንሙላ። በግራ በኩል፣ የሚከራከርለት፦ «ሊስተሪን መጥፎ የአፍ ጠረን ያጠፋል።» አለቀ። አንድ መስመር ናት።

በቀኝ በኩል፣ ሳይከራከር የሚያልፈው፦
- የሴት ልጅ ትልቁ ምኞት ትዳር ነው። («እንደማንኛዋም ሴት» የምትለዋን ሐረግ አስምሩባት። ማንኛዋም! ማን ጠየቃቸው?)
- 30 ዓመት ለሴት አሳዛኝ ቁጥር ነው።
- ያላገባች ሴት የሆነ ጉድለት አለባት።
- ጉድለቱ ያለው ከእሷ ነው፤ ከወንዶቹ ወይም ከዕድል አይደለም።
- ሰው እውነቱን አይነግርሽም፤ ከኋላሽ ያወራል።

ይህ የመጨረሻው መስመር ላይ ትንሽ ቆዩ። ልብ ብላችሁ እዩት፣ ማስታወቂያው አንባቢዋን ከጓደኞቿ ለያት። የልብ ወዳጅሽ እንኳ አይነግርሽም አላት። ታዲያ የነገራት ማነው? ማስታወቂያው ራሱ። የወዳጅ ቦታ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር ስታገኙ በሁለቱም ዓምድ ጻፉት፤ እሴቱም ማሳመኛውም እዚያው ተጠላልፈዋልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያው «መጥፎ ጠረን» ብቻ አላለም። «ሃሊቶሲስ» የሚል ሰው ሁሉ የማያውቀውን የሕክምና ቃል አወጣ። ተራ ነገር የበሽታ ስም ሲያገኝ መድኃኒት ይፈልጋል። በምታነቡት ማስታወቂያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቃል ካያችሁ ክብብ አድርጉበት።

ደረጃ 5፦ ፍርሃቱን ወይም ምኞቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ የዕቃው ስም አይኑርበት። ይህ አስፈላጊ ነው። ዕቃውን ስታወጡት ሰውየው ይቀራል።

በ1928 ላኪ ስትራይክ «ጣፋጭ ከምትበላ ላኪ አጭስ» የሚል ዘመቻ ነበረው። ዓረፍተ ነገሩ፦ «እንዳልወፍር እፈራለሁ።» በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የተባለች ጸሐፊ ለአልማዝ ኩባንያው ለዴ ቢርስ «አልማዝ ለዘላለም ነው» ብላ ጻፈች። ዓረፍተ ነገሩ፦ «ፍቅራችን እንዳያልቅ እፈልጋለሁ።» ሲጋራና ድንጋይ የሉበትም። ፍርሃቱና ምኞቱ ግን ዛሬም ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 6፦ በምን እንዳሳመነ ለዩ

አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከአርስቶትል የመጡትን ሦስቱን ይጠይቃሉ፦ ተዓማኒነት (ማን ነው የሚናገረው?)፣ ስሜት (ምን እንዲሰማኝ ፈለገ?)፣ አመክንዮ (ምን ማስረጃ አቀረበ?)። ሦስቱን መዘርዘር ቀላል ነው። ነጥብ የሚያስገኘው አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚደግፍ ማሳየት ነው።

ለዚህ ከ1946ቱ የካሜል ሲጋራ ማስታወቂያ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ዘመቻው «ከማንኛውም ሲጋራ ይልቅ ካሜልን የሚያጨሱ ሐኪሞች ይበዛሉ» ይላል። አንደኛው ገጽ ላይ ሐኪሙ በሌሊት ስልክ ተደውሎለታል። «አሁኑኑ እመጣለሁ!» ይላል። ጽሑፉ ሐኪም 24 ሰዓት ሥራ ላይ እንደሆነ፣ ምስጋና እንደማይፈልግ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎት፣ ሲጋራውን ትንሽ ማግ ማግ አድርጎ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ይተርካል። ከዚያ ቁጥር ይመጣል፦ 113,597 ሐኪሞች ምን ሲጋራ እንደሚያጨሱ ተጠየቁ፤ ብዙዎቹ የጠሩት ካሜልን ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ሲጋራ የያዘች ሴት ፊት አለ፤ በአፏና በጉሮሮዋ ላይ «ቲ» ፊደል ተሥሎበታል። ጣዕምና ጉሮሮ በእንግሊዝኛ ሁለቱም በዚህ ፊደል ይጀምራሉ። በራስሽ ሞክሪው ነው ነገሩ።

አሁን ቀስ ብላችሁ ፍቱት።

*ተዓማኒነት።* ሐኪም ነው የቆመው። ግን ስም አለው? የለውም። የሆስፒታል ስምስ? የለም። ሐኪም የሚመስል ሰው ነው እንጂ እገሌ የተባለ ሐኪም አይደለም። ስም የሌለው ባለሙያ ስታዩ ሁሌ ጻፉት።

*ስሜት።* የሌሊቱ ስልክ ነው። ልጁ ታሞበት በሌሊት ሐኪም የጠራ አባት ያንን ገጽ ሲያይ ምን ይሰማዋል? ምስጋና ነው። ማስታወቂያው ያንን ምስጋና ተቀብሎ ወደ ሲጋራ ፓኮ ያዞረዋል። የገጹ ትልቁ ክፍል ስለ ሲጋራ አይደለም፤ ስለ ሐኪም ደግነት ነው።

*አመክንዮ።* 113,597። «ከመቶ ሺህ በላይ» አላለም፤ እስከ መጨረሻው አሃዝ ጻፈው። እንዲህ የተቆጠረ ቁጥር ሳይንስ ይመስላል። ግን ቁጥሩ ምን አረጋገጠ? ሐኪሞች የትኛውን ሲጋራ እንደሚወዱ ብቻ። ካሜል ጤና አይጎዳም የሚል ቃል ገጹ ላይ የለም። አንባቢው ራሱ ነው ያንን የሚጨምረው። ደግሞም በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ ብዙዎቹ ሐኪሞች ሳይጠየቁ በፊት ነጻ ካሜል ተሰጥቷቸው የነበረ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥር ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ጠየቀ? ምን ብሎ ጠየቀ? መልሱ የተባለውን ነገር ያረጋግጣል ወይ?

ቀጥሎ የምላችሁን ከሁሉም በላይ ልብ በሉት። መልስ ካለ ጥያቄ ነበረ። ሲጋራ ጉሮሮን ይጎዳ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ካሜል ሐኪም ለምን ይጠራል? ሰውየው ጠዋት ጠዋት ያስለዋል። ሚስቱ ተው ትለዋለች። ማስታወቂያው የመጣው ያንን ሳል ለማረጋጋት ነው። ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዙት ትልልቆቹ ጥናቶች የወጡት በ1950 ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ሪፖርት የመጣው በ1964 ነው። ስጋቱ ግን ከሁለቱም በፊት፣ እዚሁ ገጽ ላይ ተደብቆ አለ። ማስታወቂያ የሚያረጋጋችሁን ነገር አገላብጡት፤ ያኔ የዘመኑን ጭንቀት ታገኛላችሁ።

ቀኝ ዓምዳችሁ አሁን እንዲህ ይመስላል፦ ሐኪም አይሳሳትም። ሐኪም ወንድ ነው። ወንዱ ያውቃል፤ ሴቷ ትቀምሳለች። እንቅልፍ አጥቶ ማገልገል ክብር ነው።

ደረጃ 7፦ የሌለውን ፈልጉ

ሥዕሉ ውስጥ ማን የለም? ምን የለም? ይህን ጥያቄ ሰዎች ይረሱታል፤ የሌለ ነገር ስለማይታይ።

ከእኛው ቤት ላምጣ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት መፈክር በእንግሊዝኛ «የ13 ወር ፀሐይ» ይላል። ፖስተሩን ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ከተማ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ምን ይጎድለዋል? ክረምት! ሐምሌና ነሐሴ የት ሄዱ? መፈክሩ አልዋሸም፤ የሚያናግረው ብርድና ደመና የሰለቸው የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ እሱ የሚናፍቀውን መረጠ። 13ኛዋን ወር፣ 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ጳጉሜን ደግሞ ሌላ አገር የማይሰጠው ስጦታ አደረጋት። ከዚያ የአማርኛውን እዩ፦ «የ13 ወር ፀጋ»። ፀሐይ ወጥታ ፀጋ ገባች። ለእኛ ፀሐይ ብርቅ አይደለችም፤ ዝናብም ፀጋ ነው። አንድ መፈክር፣ ሁለት ታዳሚ፣ ሁለት ቃል። በሁለት ቋንቋ የወጣ ማስታወቂያ ካገኛችሁ እንደ ወርቅ ያዙት።

*ማስጠንቀቂያ፦* አንዳንድ የድሮ ማስታወቂያ ልብ ይሰብራል። የእንግሊዙ ፒርስ ሳሙና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው አንድ ሥዕል ላይ ነጭ ልጅ ጥቁር ልጅን ያጥባል፤ የታጠበው ልጅ ከአንገት በታች ነጭ ይሆናል። ልጃችሁ ከክፍል እንዲህ ያለ ሥዕል ይዞ ከመጣ ብቻውን አትተዉት። አብራችሁ ተቀመጡና ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ይከራከራል? ሳሙናው ያነጻል። ምን ሳይከራከር አለፈ? ጥቁርነት እድፍ ነው የሚለውን። ልጁ ውሸቱ የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ ማሳየት ሲችል፣ ሥዕሉ እሱን የመጉዳት አቅሙ ይቀንሳል። ሥዕሉን ለሌላ ስታጋሩ ደግሞ ያለ ማብራሪያ አትላኩት።

ደረጃ 8፦ ጓደኛ ፈልጉለት

አንድ ማስታወቂያ ብቻውን ብዙ አያወራም። የዚያኑ ዕቃ የሌላ ዘመን ማስታወቂያ አጠገቡ አስቀምጡ። ማርልቦሮ በ1924 ሲወጣ «እንደ ግንቦት የለሰለሰ» እየተባለ የሚሸጠው ለሴቶች ነበር። ከ1954 ወዲህ የቺካጎው ሊዮ በርኔት የማስታወቂያ ድርጅት ካውቦይ አመጣለት። ያኔ ፊልተር ያለው ሲጋራ የሴት ነው ይባል ነበር፤ ስለዚህ ወንዱ ሳያፍር እንዲይዘው ፈረስና ባርኔጣ አስፈለገው። ስሙ አልተቀየረም። የተቀየረው «ወንድ» የሚለው ሥዕል ነው። ያንን ልዩነት በአንድ አንቀጽ ከጻፋችሁ የሥራው ግማሽ ተጠናቀቀ።

ደረጃ 9፦ ጻፉት

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ያያችሁት፣ የሚከራከርለት፣ ሳይከራከር ያለፈው፣ ለዘመኑ ምን ማለት እንደሆነ። ለካሜሉ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«በ1946ቱ የካሜል ማስታወቂያ ላይ ሐኪሙ በሌሊት ስልክ አንስቶ ‹አሁኑኑ እመጣለሁ› ይላል። ማስታወቂያው ሐኪሞች ካሜልን እንደሚመርጡ በ113,597 ቁጥር ይከራከራል። ሐኪም ሊታመን እንደሚገባው ግን አይከራከርም፤ አንባቢው ይህን አስቀድሞ እንዳመነ ያውቃል። የማሳመን ኃይሉ ያለው አንባቢው ለሐኪሙ ያለውን አክብሮት ወደ ሲጋራው በማሻገሩ ላይ ነው።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በገጹ ላይ በጣት የሚታይ ነገር ላይ ይደገፍ። ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ካጣችሁ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዙት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*«የድሮ ሰዎች ሞኝ ነበሩ» ማለት።* በጣም የማዝንበት ስህተት ይህ ነው። የካሜልን ገጽ ያየው ሰው ሞኝ አልነበረም። ልጁን ያዳነለትን ሐኪም ያመነ ሰው ነበር። መተንተን ያለበት ያ እምነት ነው።

*ማስታወቂያን እንደ መስታወት ማየት።* የ1950ዎቹ ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ቤት ሰፊ ነው፣ ሁሉም እናት ቀሚሷ ተተኩሷል። ያ ሰዎች የኖሩት ኑሮ ሳይሆን እንዲመኙት የተፈለገው ኑሮ ነው። «ሴቶች እንዲህ ይኖሩ ነበር» አትበሉ፤ «ሴት እንዲህ እንድትኖር ይጠበቅ ነበር» በሉ።

*ማስታወቂያው ሠርቷል ብሎ መደምደም።* ገጹ ምን ለማድረግ እንደፈለገ ያሳያችኋል። ስንት ሰው እንደገዛ አያሳይም። የሽያጭ መረጃ ከሌላችሁ «ብዙዎችን አሳመነ» ብላችሁ አትጻፉ።

*ሦስቱን የአርስቶትል ቃላት ለጥፎ ማለፍ።* «ስሜትን ተጠቅሟል» ብቻ ባዶ ነው። የትኛውን ስሜት? በየትኛው ቃል? በየትኛው የሥዕሉ ጥግ?

*የባለቤትነት መብትን መርሳት።* ለክፍል ሥራ ብዙ ችግር የለውም። አሳትማለሁ ወይም እሸጣለሁ ካላችሁ ግን ቀኑን እዩ፤ በአሜሪካ ሕግ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ሥራ ነጻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላለው መብቱ የማን እንደሆነ አጣሩ።

ከማስረከባችሁ በፊት

ማስታወቂያውን ላላየ አንድ ሰው ጽሑፋችሁን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ከዚያ ወረቀት ስጡትና ገጹን በግምት እንዲሥለው ጠይቁት፤ ሥዕል መቻል የለበትም። ሐኪሙ የት እንዳለ፣ ሴቷ የት ጥግ እንዳለች፣ ቁጥሩ የት እንደተጻፈ ካስቀመጠ ጨርሳችኋል። «ቆይ፣ ሴትዮዋ ምን እያደረገች ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና እጇን እንደገና እዩ።